ልጁ ስለ እኔ ቢናገር

ፎስተር እናት መሆኔን የሰማ አበሻ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንደኛው ስንት እንደሚከፈለኝ ነው። ሁለተኛው፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ «ልጁ ሄዶ ቢከስሽስ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ቶሎ እመልሳለሁ፤ ለልጁ ወጪና ለድካሜ የሚሆን አበል አለ፣ ቤት ግን አልገዛሁበትም። ለሁለተኛው ያለኝ መልስ ጠያቂው የሚጠብቀው ዓይነት አይደለም። የሚናገር ልጅ አያስፈራኝም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» እያለ ወራት የሚያሳልፈው ልጅ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

የምኖረው ደቡብ ለንደን ነው። እንግሊዝ አገር ወላጆቹ ሊያሳድጉት ያልቻሉ ወይም ያለ ወላጅ ብቻውን የመጣ ልጅ የአካባቢው ካውንስል ኃላፊነት ነው። ካውንስሉ ልጁን ቢሮ ውስጥ ማሳደር አይችልም፤ መርምሮና አሠልጥኖ ለመረጣቸው ቤተሰቦች በአደራ ይሰጣል። በ2024 በዚህ መልክ በካውንስሎች እጅ የነበሩት ልጆች ከ83,000 በላይ ነበሩ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል የሚኖሩት እንደ እኔ ባለ ፎስተር ቤት ውስጥ ነው። ብቻቸውን ድንበር አቋርጠው የመጡት ደግሞ በዚያው ዓመት ከ7,000 በላይ ነበሩ። እኔ ዘንድ የሚመጡት ከነዚህ ነው፤ ብዙዎቹ 15፣ 16 ዓመት የሆናቸው፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ተነሥተው በሱዳንና በሊቢያ፣ በባሕሩና በፈረንሳይዋ ካሌ በኩል ያለፉ ወንዶች ልጆች። ስለ እነሱ ስጽፍ ስማቸውን ትቻለሁ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅም አንዳንዱን ነገር ለውጫለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሕጉ ለምን አያምነኝም?

ሥልጠና ላይ ከተነገሩኝ ታሪኮች ከአእምሮዬ የማይወጣው የዴኒስ ኦኒል ነው። ዴኒስ ከዌልስ ከኒውፖርት ከተማ ከወንድሞቹ ጋር ከወላጆቹ ቤት ተወስዶ፣ ሽሮፕሽር በሚባል ገጠር ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ተሰጠ። በጥር 1945 በ12 ዓመቱ፣ ተርቦና ተደብድቦ ሞተ። ገበሬው በሰው መግደል ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ ሚስቱም በቸልተኝነት ታሰረች። ሰው የሚያንገበግበው ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ልጁ ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከካውንስሉ የተላከች ሠራተኛ ቤቱን አይታ ልጆቹ ቶሎ እንዲወጡ አሳስባ ነበር። ወረቀቱ ተጽፏል፤ የተንቀሳቀሰ ሰው ግን አልነበረም። ላኪው ካውንስልና ልጆቹ የሚኖሩበት አካባቢ ካውንስልም ኃላፊነቱን በወጉ አልተከፋፈሉትም ነበር። አገር ተቆጣ፤ ምርመራ ተካሄደ፤ በ1948 የልጆች ሕግ ወጣ። አጋታ ክሪስቲም ከዚህ ወሬ ተነሥታ የጻፈችው ታሪክ በኋላ «ዘ ማውስትራፕ» የተባለው ቲያትር ሆነ፤ በ1952 ለንደን ላይ መታየት የጀመረው ይህ ቲያትር ዛሬም ይታያል።

ዛሬ ቤቴ የሚገባው ቁጥጥር ሁሉ ሥሩ እዚያ ገበሬ ቤት ነው። ልጁን የሚከታተል ሶሻል ወርከር አለ፤ እኔን የምትከታተል ሌላ ሶሻል ወርከር አለች። ሁለቱ ሆን ተብሎ ተለያይተዋል፣ የእኔ ወዳጅ የሆነ ሰው የልጁም ዳኛ እንዳይሆን። የልጁ ሶሻል ወርከር ልጁ በገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ መጥቶ ማየት አለበት፤ ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ በየስድስት ሳምንቱ ይመጣል። ልጁ ራሱ አልፈልግም ካላለ በቀር ብቻውን ያነጋግረዋል። የእኔዋ ደግሞ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳትናገር በሬን ታንኳኳለች። መኝታ ቤቱን ታያለች፣ ፍሪጁንም ትከፍታለች።

አንዱ ልጅ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ «እትዬ፣ ይህ ሰውዬ ለምንድነው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ? ደህና ነኝ አልኩት እኮ።»

«ደህና መሆንህን እኔ ስነግረው ስለማይበቃው ነው» አልኩት።

«አንቺን አያምንሽም ማለት ነው?»

«ሥራው አለማመን ነው፣ ልጄ።»

ከሁለቱ ሶሻል ወርከሮች በላይ ደግሞ ገለልተኛ የክለሳ ኃላፊ አለ። ካውንስሉ ውስጥ ቢሠራም የልጁን ጉዳይ ከሚወስኑት ሰዎች ውጭ ነው። ልጁ በካውንስሉ እጅ በገባ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን ስብሰባ ይመራል፤ ሁለተኛው በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቢያንስ በየስድስት ወሩ። በስብሰባው ትምህርቱ፣ ጤናው፣ የጥገኝነት ጉዳዩ፣ ጓደኞቹ፣ ምግቡ ሁሉ ይነሣል። ከስብሰባው በፊትም ልጁን ለብቻው ማነጋገር ከኃላፊው ይጠበቃል። ሁሉም ነገር ከነ ቀኑ ይመዘገባል፤ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ እስከ መቼ እንደሚያደርግ ይጻፋል።

ትንሹ፣ መካከለኛውና ከባዱ

ወገኖቻችን ቅሬታ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላቸዋል፤ ልጁ አፉን ከከፈተ ፖሊስ በር ላይ ነው ይላሉ። እንደዚያ አይደለም። ስጋት እንደ ክብደቱ የሚሄድበት መንገድ ይለያያል።

ትንሹ የዕለት ኑሮ ነገር ነው። የኪስ ገንዘቤ ዘገየ፣ ዋይፋዩ በሦስት ሰዓት ይጠፋብኛል፣ ምግቡ ሆዴን አይሞላውም፣ ቁልፍ አልተሰጠኝም። ይህ በሶሻል ወርከሩና በስብሰባው የሚያልቅ ነው።

መካከለኛው የአያያዝ ደረጃ ጥያቄ ነው። ልጁ አልተደበደበም፣ ግን በሚገባው ልክ እየተያዘ ነው ወይ? በእኔ ቤት አንድ ጊዜ ተነሥቷል። ዐቢይ ጾም ነበር። አንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ምሳ አይበላም፤ ወተትም አይጠጣም፤ ፊቱ ከስቷል። መምህርቷ ደነገጠች። ከዚህ ልጅ ጋር ምንም ዝምድና የሌላት ሴት አንድ ልጅ አለመብላቱን አይታ ስልክ ማንሣቷ፣ እስከ ዛሬ የምባርክላት ነገር ነው። ሶሻል ወርከሩ መጣ፣ ልጁን ለብቻው አነጋገረው። እኔ ዘንድም ጥያቄው መጣ፦ 55 ቀን ነው የሚጾመው? ማን አዘዘው? ማቆም ቢፈልግ ይችላል? ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ የአጃ ወተቱን አሳየሁ። ሐኪም ክብደቱን ለካ። ልጁ በፈቃዱ እንደሚጾም፣ እናቱ እንዳስለመደችው፣ ደከመኝ ካለ እንደሚያቆም ተናገረ። ይህ ሁሉ በእንክብካቤ ዕቅዱ ውስጥ ተጻፈ፤ ትምህርት ቤቱም የጾም ምሳ ያዘጋጅለት ጀመር። ጉዳዩ «ተጨማሪ እርምጃ አያስፈልግም» ተብሎ ተዘጋ። ልጁ በረኃብ ላይ ቢሆን ኖሮም በዚያው መንገድ ይታወቅ ነበር።

ከባዱ ውንጀላ ነው፤ መታኝ፣ ነካኝ፣ አስፈራራኝ። እዚህ ላይ ለራሳችን ሰዎች መንገር የሚገባኝ ነገር አለ። ፎስተር ወላጅ በየትኛውም መልኩ ልጅን በአካል መቅጣቱ በመንግሥት ደንብ የተከለከለ ነው። ቁንጥጫም ብትሆን፣ ለምክር ብለንም ቢሆን። በእንግሊዝ ወላጅ የገዛ ልጁን «በመጠኑ ቀጣሁ» ብሎ የሚከራከርበት ቀዳዳ በሕግ አለ፤ ለእኛ ያ ቀዳዳ የለም።

ውንጀላ ሲመጣ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ በየአካባቢው ለተመደበ አንድ ኃላፊ መድረስ አለበት፤ በሙያው ቋንቋ ላዶ ይሉታል። ላዶ ከልጆች ጋር በሚሠራ ሰው ላይ የሚነሣ ውንጀላ ሁሉ በእሱ በኩል እንዲያልፍ የተሾመ ነው፤ መምህር ይሁን፣ አሠልጣኝ ይሁን፣ ፎስተር እናት ትሁን። ፖሊስ፣ የልጁ ሶሻል ወርከርና ፎስተር ድርጅቱ ይሰበሰባሉ። ልጁ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል ወይም ሊደርስበት ይችላል ብለው ከጠረጠሩ ካውንስሉ ሕጋዊ ምርመራ ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ውጤቱ ይሰየማል፤ ተረጋግጧል፣ በቂ ማስረጃ አልተገኘም፣ መሠረት የለውም፣ ሐሰት ነው፣ ወይም ሆን ተብሎ ለመጉዳት የቀረበ ነው ይባላል።

አንዲት የሙያ ጓደኛዬ በዚህ አልፋለች። ልጁ «ክንዴን ይዛ ገፈተረችኝ» ብሎ ትምህርት ቤት ተናገረ። በዚያው ምሽት ቤቷ የነበሩት ሁለቱም ልጆች ወደ ሌላ ቤት ተወሰዱ። የተባለውን ዝርዝር ወዲያው አልነገሯትም፤ ምርመራው እንዳይበላሽ ነው። ወራት ጠበቀች። ውጤቱ «በቂ ማስረጃ አልተገኘም» ሆነ፤ ነፃ ነሽም አላሏት፣ ጥፋተኛም አላሏት፤ ቃሉ ግን መዝገቧ ላይ ቀረ። ከዚያ ፎስተር እናትነቷ ይቀጥል ወይ የሚለውን ባለሙያዎች አይተው ፈቀዱላት። ባይፈቅዱላት ኖሮ በ28 ቀን ውስጥ ራሱን ለቻለ ገምጋሚ አካል ማመልከት ትችል ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ሥርዓቱ ለፎስተር ወላጅ ለስላሳ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ቶሎ መረጃ አለመስጠቱ፣ መጓተቱ ብዙ ጥሩ ሰው ከዚህ ሥራ አስወጥቷል። ሆኖም እሷ ራሷ ያለችኝን እደግመዋለሁ፦ «ያን ቀን ልጁን ባያምኑት፣ የሚቀጥለው ልጅ እውነተኛ ነገር ሲደርስበት አይናገርም።»

ቅሬታው በካውንስሉ ላይ ሲሆን

ብዙ ጊዜ ልጆቹን የሚያሳዝናቸው ፎስተር ቤቱ ሳይሆን ካውንስሉ ነው። ሶሻል ወርከር በየጊዜው ይቀያየርባቸዋል፤ ኮሌጅ ሳይመዘገቡ ወራት ያልፋል፤ ከለመዱት ቤት በአጭር ማስጠንቀቂያ ይነሣሉ። ለዚህ ሕጉ ሦስት ደረጃ ያለው የቅሬታ መንገድ አበጅቷል። በመጀመሪያው ደረጃ ካውንስሉ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ነገሩ ከተወሳሰበ እስከ 20 ሊረዝም ይችላል። መልሱ ያላረካው ልጅ ሁለተኛውን ደረጃ ይጠይቃል፤ ያኔ መርማሪ ይመደባል፣ ከመርማሪው ጋርም ከካውንስሉ ውጭ የሆነ ሰው አብሮ ይቀመጣል። ጊዜው 25 የሥራ ቀን ሲሆን እስከ 65 ሊሄድ ይችላል። ሦስተኛው የግምገማ ጉባኤ ነው። ከዚያም ካልሆነ፣ እኛ አገር እንባ ጠባቂ እንደምንለው ያለ ተቋም አለ፤ የካውንስሎችን በደል በነፃ ይመረምራል።

ይህን ሁሉ አንድ እንግሊዝኛው ገና ያልፈታ የ16 ዓመት ልጅ ብቻውን ይወጣዋል ብሎ የሚያስብ የለም። ስለዚህ ሕጉ አድቮኬት የማግኘት መብት ሰጥቶታል። አድቮኬቱ «ለልጁ የሚበጀው ይህ ነው» ብሎ የራሱን ሐሳብ አያቀርብም፤ ልጁ የሚለውን ነው ይዞ የሚገባው። ልጁ የሚለው ሞኝነት ቢመስለውም እንኳ። የእንግሊዝ የልጆች ኮሚሽነርም በካውንስል እጅ ላሉ ልጆች የምክር መስመር አላት። ቻይልድላይን ደግሞ በ0800 1111 ቀንም ሌሊትም ይነሣል፣ በነፃ። ኦፍስቴድ የሚባለው ተቆጣጣሪ የአንድን ልጅ ቅሬታ ራሱ ባይፈታም፣ የሚደርሰውን ጥቆማ ፎስተር ድርጅቶችንና ካውንስሎችን ሲፈትሽ ይጠቀምበታል።

«ሆድ ይፍጀው»

መንገዱ እንዲህ ሁሉ ተዘርግቶ የእኛ ልጆች ለምን አይሄዱበትም? ያየሁትን ልናገር።

አንደኛ፣ ሰው ቤት ያለ ልጅ አይማረርም ብለን ነው ያሳደግናቸው። ያበላህን ሰው ማማት ነውር ነው፤ ሆድ ይፍጀው። ሁለተኛ፣ ሶሻል ወርከሩን የጥገኝነት ጉዳይ ከሚወስነው ሚኒስቴር፣ ከሆም ኦፊስ፣ አይለዩትም። ዕድሜያቸው የተጠረጠረባቸው፣ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ የሚጠብቁ ልጆች ናቸው፤ «ችግር ፈጣሪ ነው ተብሎ ቢጻፍብኝ ወረቀቴ ይበላሻል» ብለው ይፈራሉ። ሦስተኛው አስተርጓሚው ነው። አስተርጓሚው የዚያው ቤተ ክርስቲያን ምእመን፣ ወይም የፎስተር እናቲቱ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ሰው ፊት ማን ገመናውን ይገልጣል? ልጁ ሌላ አስተርጓሚ፣ በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ከተማ የሆነ ሰው መጠየቅ እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ትግርኛ የሚናገረውን ልጅ «አማርኛም ይሰማል» ብሎ በአማርኛ አስተርጓሚ ማስቀመጥም እንዲሁ ግማሽ ጆሮ መስጠት ነው።

እኛ ራሳችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንላለን፤ ለልጆች ሲሆን ግን ተረቱን እንረሳዋለን።

የሰማ ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ይለወጥ እንደነበር ለማየት የለምን ሲሳይን ሕይወት ማንበብ ይበቃል። እናቱ በ1966 ከኢትዮጵያ ለትምህርት እንግሊዝ የመጣች ወጣት ነበረች። ልጇን በ1967 ወለደችው፤ ተምራ እስክትወጣ ለጊዜው ብቻ እንዲያዝላት ፈለገች። ልጁ ግን ኖርማን የሚል ስም ተሰጥቶት፣ ለዘለቄታው በሚመስል መልኩ ላንካሽር ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ ተሰጠ። በ12 ዓመቱ ቤተሰቡ አልፈልግም አለው፤ ከዚያ ከአንድ የልጆች ተቋም ወደ ሌላው ሲዘዋወር አደገ። ከካውንስሉ እጅ ሊወጣ ሲል የልደት ምስክር ወረቀቱንና እናቱ በ1968 የጻፈችውን ደብዳቤ አገኘ፤ ልጇ እንዲመለስላት የምትጠይቅበት ደብዳቤ። የእናቲቱ ስጋት ደርሶ ነበር፤ ተፋይሎ ነበር፤ መልስ ግን አላገኘም። ለምን ሲሳይ ዛሬ የታወቀ ገጣሚ ነው፤ የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለርም ሆኖ አገልግሏል። ፋይሎቹን ለማግኘት አሥርት ዓመታት ታግሎ በ2015 ተሰጡት፤ በ2018 የዊጋን ካውንስል ይቅርታ ጠየቀው፤ በ2019 ከእነዚያው ፋይሎች የሕይወት ታሪኩን አሳተመ።

በዚህ ምክንያት ለልጆቹ ስለ መዝገብ እነግራቸዋለሁ። በካውንስል እጅ የኖረ ልጅ ፋይል ልጁ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ለ75 ዓመት መቀመጥ አለበት። ባለቤቱ አድጎ መጠየቅ ይችላል። ዛሬ የተናገረው ቃል፣ በራሱ አነጋገር ከተጻፈ፣ በ40 ዓመቱ ምስክሩ ነው። ስለዚህ «በስብሰባው ላይ ያልኩት ይጻፍልኝ» እንዲሉ አለማምዳቸዋለሁ።

ጠያቂ ጭራሹን በሌለበት የሚሆነውንም አይተናል። ከ2021 ጀምሮ ሆም ኦፊስ ብቻቸውን የመጡ ልጆችን በካውንስል እጅ ሳያስገባ ሆቴል ውስጥ አስቀመጠ። የክለሳ ኃላፊ የለ፣ በየስድስት ሳምንቱ የሚመጣ የለ። በጥር 2023 ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው 200 ያህል ልጆች የት እንደገቡ እንደማይታወቅ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አሠራሩ ሕገ ወጥ ነው አለ።

ሌላው ዓይን የማያየው ቦታ የገዛ ዘመዳችን ቤት ነው። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከወላጁና ከቅርብ ዘመዱ ውጭ ሌላ ሰው ዘንድ 28 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ካውንስሉ ማወቅ አለበት። አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ ወንድም፣ እህት እንደ ቅርብ ዘመድ ይቆጠራሉ። የአባት የአጎት ልጅ ወይም የእናት የልብ ጓደኛ ግን አይቆጠሩም። ከአይቮሪ ኮስት የመጣችው ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ በ2000 በስምንት ዓመቷ ለንደን ውስጥ ተሠቃይታ የሞተችው በአባቷ አክስት እጅ ነው፤ እናትና አባቷ ለትምህርት ብለው ነበር የሰጧት። ከአዲስ አበባ «እዚያ ትማር» ብሎ ልጅ የሚልክ ወላጅ ለካውንስሉ እንዲነገር ቢጠይቅ ዘመዱን አልናቀም፤ ልጁን የሚጠይቅ ሰው ጨመረለት እንጂ።

እኔ ቤት ልጅ ሲገባ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወረቀት አዘጋጃለሁ፤ የሶሻል ወርከሩ፣ የክለሳ ኃላፊው፣ የአድቮኬቱና የቻይልድላይን ስልክ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ። የምለጥፈው እሱ ክፍል ውስጥ ነው፤ ወጥ ቤት ብለጥፈው ሲያነበው አየዋለሁ። «እኔ ላይም ቢሆን ደውል» እለዋለሁ። መጀመሪያ ማንም አያምነኝም።

አንዱ ከስምንት ወር ዝምታ በኋላ በስብሰባ ላይ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ «ቅሬታ አለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ እጁን አወጣ። «እትዬ እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለቅዳሴ ትቀሰቅሰኛለች። እኔ መተኛት እፈልጋለሁ።» የክለሳ ኃላፊዋ ሳትስቅ ጻፈችው፦ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለመሄዱን ልጁ ይወስናል። ከዚያ ወዲህ እሁድ ብቻዬን እሄዳለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ያው ልጅ ሶሻል ወርከሩን ለብቻው ማነጋገር እንደሚፈልግ ተናገረ፤ ከእኔ በፊት በነበረበት ቦታ ስለ ደረሰበት ነገር ነበር። ምን እንደሆነ እኔ ማወቅ አያስፈልገኝም፤ ምርመራው ግን ተጀመረ። ስለ እንቅልፉ ያለው ነገር ተሰምቶ ባይጻፍለት ኖሮ ያንን ይናገር ነበር ብዬ አላምንም።